ደህና ሆኜ ሳለ ለምን እመረመራለሁ?

ከእርግዝና ወራት ሁሉ ወሬ የማይበዛባቸው መካከለኞቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማቅለሽለሽና ስጋት አለባቸው፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ የመውለጃ ቀን ቆጠራና የወገብ ሕመም። ከ14ኛው ሳምንት እስከ 27ኛው ሳምንት መጨረሻ ባለው ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ምግብ ይስማማናል፣ እንቅልፍ ይወስደናል፣ ሥራችንን እንሠራለን፣ ያየን ሰው ሁሉ «ፊትሽ አምሮበታል» ይለናል። እኔ አሁን እዚህ መሃል ላይ ነኝ፤ ደስ የሚል መሃል ነው። የክትትል ቀጠሮዬ ሲቃረብ ታዲያ ውስጤ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚያመኝ ነገር ሳይኖር ለምን ወረፋ እጠብቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ከማውቃቸው እርጉዝ ሴቶችም ሰምቼዋለሁ። «ደህና ነኝ እኮ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይደርሳል» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ብርታት በሚሰማበት ወቅት ለመመርመር መነሣት ከልማዳችን ጋር ይጋጫል። እኔም ጥያቄውን ሳልንቀው ይዤ፣ በዚያች አጭር ምርመራ ውስጥ የሚደረገው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደሚደረግ ለማወቅ ተነሣሁ። አዋላጅ ነርሷን ጠየቅሁ፣ አነበብሁ፣ የክትትል ካርዴ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። አሁን አቋሜ ግልጽ ነው፦ በመሃሉ ወራት የሚደረገው ምርመራ ትልቁ ጥቅም ደህናዋ እኔ ምን እንደምመስል በጽሑፍ ማስቀረቱ ነው። ኋላ አንድ ነገር ቢለወጥ መለወጡ የሚታወቀው ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሲተያይ ነው።

የደም ግፊትን እንውሰድ። እርግዝና ግፊትን ከፍ ያደርጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በጤናማ እርግዝና መጀመሪያ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሆርሞኖች የደም ሥሮችን ያላላሉ፤ ግፊቱም ቀስ በቀስ ይወርድና በመሃሉ ወራት ከሁሉ ዝቅ ያለው ልክ ላይ ይደርሳል፤ መውለጃው ሲቃረብ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አሁን አንዲት ሴት በሐሳባችን እናምጣ፦ በመሃሉ ወራት አልታየችም፤ በ32ኛው ሳምንት መጣች፤ ግፊቷ 136 በ86 ሆነ። ከፍተኛ ግፊት የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ስለሆነ የእርሷ ቁጥር ከመስመሩ በታች ነው፤ «ደህና ነሽ» ተብላ ልትሄድ ትችላለች። ግን ይህችው ሴት በ20ኛው ሳምንት ግፊቷ 100 በ60 እንደነበር ካርዷ ላይ ተጽፎ ቢሆንስ? ያኔ ያው ቁጥር ሌላ ነገር ይናገራል። አዋላጇ ሽንቷን ትመረምራለች፣ ራስ ምታት እንዳለባት ትጠይቃታለች፣ ቀጠሮዋንም ታቀርበዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከወራት በፊት በአንዲት ጤናማ ቀን የተጻፈ አንድ መስመር ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በተለይ ፕሪኤክላምፕሲያ ለሚባለው ሕመም ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይገለጣል፤ ግፊት ከፍ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይታያል፤ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሲብስም ሴቲቱን አንቀጥቅጦ ሊጥላት ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን አመጣጡ ነው። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ነው። በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የማህፀን ደም ቅዳዎች ሰፍተው ለእንግዴ ልጁ በቂ ደም ማድረስ ሲገባቸው፣ በአንዳንድ ሴቶች ዘንድ እንደሚገባው ሳይሰፉ ይቀራሉ። ይህ ሲሆን ሴቲቱ ምንም አይሰማትም። ግፊቷ ከፍ ካለ በኋላ እንኳ ላይሰማት ይችላል። ኃይለኛው ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታው፣ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚይዘው ሕመም ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። «ደህና ነኝ» የሚለው ስሜቴ እዚህ ላይ ለምስክርነት አይበቃም፤ የሚመሰክረው መለኪያው ነው።

ጊዜው ለምን እንደሚያጣድፍ የገባኝም በዚሁ ነው። ቀደም ባለው እርግዝና ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ወይም የቆየ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን እንድትወስድ ሊደረግ ይችላል። መድኃኒቱ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ደህንነቷን አምና ቀጠሮዋን ወደ 24ኛው ሳምንት የገፋች ሴት ይህ ዕድል ሳታውቀው ያልፋታል። ማንም አይወቅሳትም፤ ማንም ደግሞ አይነግራትም።

ስለ አለካኩም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም በደንብ ያልተለካ ግፊት ከነጭራሹ ካልተለካው እምብዛም አይሻልም። ትክክለኛው አለካክ ይታወቃል፦ ሴቲቱ ጥቂት ደቂቃዎች ታርፋለች፤ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እግሮቿን ሳታነባብር መሬት አስረግጣ ትቀመጣለች፤ ፊኛዋ ባዶ ይሆናል፤ ክንዷ በልቧ ትይዩ ያርፋል፤ የመለኪያው ጨርቅ የሚጠቀለለው በባዶ ክንድ ላይ ነው፤ በሚለካበት ጊዜም ወሬ የለም። አንድ ጊዜ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ በልብሴ እጅጌ ላይ፣ ጥያቄ እየተጠየቅሁ ተለካልኝ። ለኪዋ ቁጥሩን ጽፋ ካርዱን ዘጋችው። «ሲስተር፣ ስንት ሆነ?» ስላት በመገረም አየችኝ። ትንሽ አርፌ እንዲደገምልኝ ስጠይቃት ግን ቅር ሳይላት ደገመችው፤ የኋለኛው ከፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ብዛት፣ የእርሷም ድካም ይታየኛል። ቢሆንም ቁጥሩ የእኔ ሰውነት ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ሴት «ስንት ሆነ?» ብላ ብትጠይቅ፣ እያንዳንዱ ባለሙያም ሳይጠየቅ ቢናገር እወዳለሁ።

የሽንት ምርመራው ከዚህ ጋር ይያያዛል። በአንድ በኩል ያንኑ ፕሮቲን ይፈልጋል። በሌላ በኩል ምልክት የማይሰጥ ኢንፌክሽን ይፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ቱቦዎች ይላላሉ፤ እያደገ ያለው ማህፀንም ይጫናቸዋል፤ ስለዚህ ሽንት በፍጥነት አይወርድም፣ ተህዋስያንም ለመራባት ይመቻቸዋል። ሴቲቱ ማቃጠልም ሆነ ቶሎ ቶሎ መሽናት ሳይኖርባት ባክቴሪያው ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን ሊያሳምም ይችላል፤ ልጁ ያለ ጊዜው ከመወለዱም ጋር ይያያዛል። በጊዜው ከተገኘ ለነፍሰ ጡር በሚስማማ አንቲባዮቲክ ይድናል። ናሙናው ደግሞ ከመሃለኛው ሽንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ፈሶ፣ ከዚያ የሚመጣው ይቀዳል። ይህን የሚነግር ሰው ባይኖር ራሳችን እንወቀው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የወደድሁት ግን ሜትሩን ነው። ልብስ ሰፊ የሚይዘው ዓይነት ተራ ሜትር ነው። አዋላጇ በእጇ የማህፀኔን አናት ትፈልጋለች፤ ከዚያ እስከ ብልት አጥንት ድረስ ትለካለች። በ20ኛው ሳምንት ገደማ የማህፀን አናት እምብርት ዘንድ ይደርሳል። ከ24ኛው ሳምንት አንሥቶ ደግሞ ልኩ በሴንቲሜትር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ 26 ሳምንት ለሆናት ሴት 24፣ 26 ወይም 28 ሴንቲሜትር ቢሆን አያስደንቅም። ሜትሩ ሲዘረጋ ቁጥር ያለበት ገጽ ወደ ታች፣ ባዶው ገጽ ወደ ላይ ይሆናል፤ የሚነበበው መጨረሻ ላይ ተገልብጦ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አዋላጇ ነገረችኝ፦ ሳምንቱን አስቀድማ የምታውቅ ለኪ ቁጥሩን እያየች ከለካች እጇ ሳታስበው ወደሚጠበቀው ቁጥር ይሄዳል። እውነትን ከራስ ምኞት ለመጠበቅ የታሰበች ይህች ትንሽ ብልሃት ልቤን ነካችው። ለስንት ነገር እንዲህ ብንጠነቀቅ!

ሜትሩ ይሳሳታል። ፊኛ ሞልቶ ከሆነ፣ ማህፀን ውስጥ እጢ ካለ፣ ልጁ አግድም ከተኛ፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን በስህተት ከተያዘ ልኩ ይዛባል። አንዱ ቀን ላይ የተገኘ አንድ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲታይ ግን መስመር ይሠራል፤ መስመሩ ሳይወጣ ሲቀር ወይም ከልክ በላይ ሲወጣ ወደ አልትራሳውንድ ይላካል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ቢለካው ደግሞ ይበልጥ ይታመናል፤ በየቀጠሮው ሌላ እጅ የሚነካን ከሆነ ግን የምናጣው ነገር አለ። በተቻለ መጠን አንዲት አዋላጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትከታተለን የሚባለው ለደግነት ብቻ አይደለም።

ከዚያ የልብ ምቱ ይመጣል፤ እናት የምትጠብቀው ያንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የማዳመጫ መሣሪያን ፈለሰፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ፈረንሳይ ከርጋራዴክ የተባለ ሌላ ሐኪም መሣሪያውን በእርጉዝ ሴት ሆድ ላይ አኖረ። ይሰማል ብሎ የጠበቀው ልጁ ሲንቀሳቀስ የሽርት ውሃውን የሚያላጋውን ድምፅ ነበር፤ የሰማው ግን ከእናቲቱ ልብ የሚፈጥን ሌላ ልብ ነው። ያንን ጊዜ ሳስበው ይደንቀኛል። ከዚያ በፊት ለነበሩ ትውልዶች ሁሉ ልጅ ሕያው መሆኑ የሚታወቀው በመራገጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አዶልፍ ፒናር ዛሬም በብዙ አዋላጆች እጅ ያለችውን ቀንድ መሳይ ማዳመጫ ሠራ። በእርሷ ለመስማት እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዶፕለር የተባለው መሣሪያ ግን በ12ኛው ሳምንት ገደማም ያሰማል። የጤናማ ፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል።

ድምፁን ስሰማ አለቀስሁ፤ ወደፊትም ሳላለቅስ የምሰማው አይመስለኝም። ግን እዚህ ላይ ልጠነቀቅ እፈልጋለሁ። የልብ ምቱ ከምርመራው ሁሉ አብልጦ ያረጋጋናል፤ የሚነግረን ነገር ግን ጥቂት ነው፦ በዚህች ሰዓት ሕያው ነው። ልጁ በሚገባው መጠን እያደገ መሆኑን፣ እንግዴ ልጁ እየበቃው መሆኑን፣ የእኔ ግፊት ደህና መሆኑን አይነግርም። ስለዚህም የልብ ምት ማዳመጫ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥን አልደግፍም። ያልሠለጠነ ጆሮ የእናቲቱን የደም ሥር ወይም የእንግዴ ልጁን ድምፅ የፅንሱ ልብ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ልጇ መንቀሳቀስ የቀነሰባት ሴት ያንን ድምፅ ሰምታ ተጽናንታ ቤቷ ከቀረች ደግሞ መጽናናቱ ራሱ ይጎዳታል።

የመሃሉ ወራት ትልቁ ቀን የአልትራሳውንዱ ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እያንዳንዷ እርጉዝ ሴት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ24ኛው ሳምንት በፊት በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። መሣሪያው ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ያስገርማል። ኢያን ዶናልድ የተባለ የግላስጎው የማህፀን ሐኪም በፋብሪካ ብረት ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅ የሚፈልግ የድምፅ መሣሪያ አየ፤ ይህ ለሰው ሆድስ ቢሆን አለ። ቶም ብራውን ከተባለ መሐንዲስና ጆን ማክቪካር ከተባለ ሐኪም ጋር ሆኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሆድ ይላካል፤ ከአጥንት፣ ከሥጋና ከውሃ እየነጠረ ሲመለስ ምስል ይሆናል።

አብዛኞቻችን ወደዚያ ክፍል የምንገባው ፊቱን ለማየት፣ ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ጓጉተን ነው። በአልጋው አጠገብ የተቀመጠችው ባለሙያ ሥራ ግን ሌላ ነው። የራሱን ዙሪያ፣ የሆዱን ዙሪያ፣ የጭኑን አጥንት ርዝመት ትለካለች። አንጎሉን፣ ከንፈሩን፣ የጀርባ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች፣ የልቡን አራት ክፍሎችና ከልቡ የሚወጡትን ትልልቅ ደም ሥሮች፣ ጨጓራውን፣ ሁለቱን ኩላሊቶች፣ ፊኛውን ትፈልጋለች። የሽርት ውሃውን መጠን፣ እትብቱን፣ የእንግዴ ልጁን ቦታ ታያለች። ይህ ሁሉ ትኩረት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። የዚያ ዝምታ ክብደት ለተኛችው ሴት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስክሪኑ ወደ ሌላ በኩል ዞሯል፣ ባለሙያዋ ቅንድቧን ሰብሰብ ታደርጋለች፣ አንዱን ቦታ ደጋግማ ታያለች፤ በዚያች ደቂቃ እናት የማታስበው ክፉ ነገር የለም። የእኔዋ ባለሙያ ይህን ታውቃለች። ከመጀመሯ በፊት «እህቴ፣ እያየሁ ዝም ልል ነው፤ ዝም ያልሁት ስለምቆጥር ነው። ስጨርስ ሁሉንም አሳይሻለሁ» አለችኝ። ለዚህ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ አላስፈለጋትም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር እያንዳንዱ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ቢናገር ብዙ ሴቶች ከዚያ አልጋ ሳይንቀጠቀጡ ይነሣሉ።

በጀርባዬ ተኝቼ ሳለሁ መሃል ላይ ላብ ላብ አለኝ፣ ዓይኔም ጭጋግ ለበሰ። ባለሙያዋ ወዲያው ወደ ግራ ጎኔ አዞረችኝ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሻለኝ። ወደ 20ኛው ሳምንትና ከዚያ በላይ የደረሰ ማህፀን በጀርባ ሲተኛ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ ይጫነዋል። እንዲህ የሚሰማት ሴት እስኪያልቅ ልታገስ ማለት የለባትም፤ ወዲያው ትናገር።

ስትጨርስ እንደ ቃሏ አሳየችኝ። ልጁ ደህና ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረ፦ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ወደ ማህፀኑ በር ተጠግቷል። ባለቤቴ እጄን ጨበጠኝ። እርሷ ግን ቸኩላ አላለፈችውም፤ በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችን። በዚህ ሳምንት ዝቅ ያለ እንግዴ ልጅ ብዙ ጊዜ ይታያል። እንግዴ ልጁ ከተጣበቀበት ተነሥቶ አይሄድም፤ የማህፀኑ የታችኛው ክፍል በኋለኞቹ ወራት እየተለጠጠ ሲያድግ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ከመውለጃው በፊት ከበሩ ይርቃል። በጥቂቶቹ ዘንድ ግን እዚያው ይቀራል፤ ይህንን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በምጥ ጊዜ ከፍተኛ የደም መፍሰስ ያጋጥመዋል። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር። ሕመም የለም፣ ደም የለም፣ ምልክት የለም። በዚያ ሳምንት «ደህና ነኝ» ብዬ ብቀር ኖሮ ይህን የሚነግረኝ አካል በሰውነቴ ውስጥ አልነበረም።

አልትራሳውንዱ ሁሉን እንደማያይም ተነግሮኛል፤ ባለሙያዋ ይህን መናገሯን አከብርላታለሁ። የተሟላ ምስል ያለው ልጅ ኋላ በምስል የማይታይ ችግር ሊኖርበት ይችላል። የሰጠችኝ ያየችውን ነው።

የደም ምርመራዎቹን ጠቅለል ላድርጋቸው። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ውሃማ ክፍል ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም ይጨምራሉ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ደሙ ስለሚቀጥን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ዝቅ ማለቱ ይጠበቃል። ለዚህም በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ወራት ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች የደም ማነስ ሲባል፣ በመሃሉ ወራት ግን መስመሩ 10.5 ነው። አይረንና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ የምንወስደው ለዚህ ነው። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የእርግዝና ስኳር ይመረመራል፤ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን የእናቲቱን ኢንሱሊን ሥራ የሚያከብዱት በዚህ ጊዜ ስለሆነ ነው። በባዶ ሆድ ደም ይቀዳል፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ይጠጣል፣ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይቀዳል። ልኩ በቅደም ተከተል 92፣ 180 እና 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ይባላል። የስኳር ታሪክ በቤተሰቧ የሌለባት ሴትም ሊይዛት ይችላል። የደም ዓይነቷ አር ኤች ኔጌቲቭ (ለምሳሌ ኦ ኔጌቲቭ) የሆነች ደግሞ ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ባዕድ እንዳይዋጋ በ28ኛው ሳምንት አንቲ ዲ የተባለ መርፌ ስለሚያስፈልጋት፣ የደም ዓይነታችንን ከዚያ በፊት ማወቅ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆየ አይምሰለን። ጤነኛ እርጉዝ ሴትን እየጠሩ መመርመር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐሳብ ነው። ጆን ባላንታይን የተባለ የኤድንበራ ሐኪም ለእርጉዝ ሴቶች የሚሆን የሆስፒታል ቦታ ያስፈልጋል ብሎ የተሟገተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የእንግሊዝ ጤና ሚኒስቴር የቀጠሮ ሰሌዳ አወጣ፦ በ16ኛው፣ በ24ኛው፣ በ28ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ በመጨረሻም በየሳምንቱ። ብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ያንን ተከተሉ። ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሴት አራት ቀጠሮ ይበቃል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ይህን ትቶ ቢያንስ ስምንት አደረገው። ምክንያቱም ቀጠሮ ሲቀንስ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች ስላሳዩ ነው። ከስምንቱ ሁለቱ፣ የ20ኛውና የ26ኛው ሳምንት፣ በመሃሉ ወራት ላይ ይውላሉ።

ስምንት ጊዜ መሄድ ግን ስምንት ጊዜ መታየት ማለት አይደለም። ሰልፍ ሲበዛ ከምርመራው መጀመሪያ የሚቀነሰው ንግግሩ ነው። ግፊቱ ይለካል፣ ሜትሩ ይዘረጋል፤ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ? ቤትሽ ውስጥ ሰላም ነሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ይዘለላሉ። እነዚህ ጥያቄዎች ለወግ የሚጠየቁ አይደሉም። ጭንቀትና ድባቴ ከወሊድ በኋላ ብቻ ሳይሆን በእርግዝናም ጊዜ ይመጣሉ። ቤቷ የምትደበደብ ሴት ደግሞ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ አትናገርም፤ ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ልትጠየቅ ይገባል። ባለቤቴ እንዲወጣ በተጠየቀበት ቀን ሁለታችንም ግር አለን። ምክንያቱን ሳውቅ ግን ያንን የጠየቀችውን አዋላጅ አመሰገንኋት፤ እኔ የምነግራት ነገር ባይኖረኝም፣ ከእኔ ቀጥላ የምትገባው ሴት ሊኖራት ይችላል።

በቀጠሮዎች መካከል ባለው ጊዜ የምንጠብቀው እኛው ነን። የመጀመሪያ እርግዝና ከሆነ የልጁ እንቅስቃሴ በ18ኛው ወይም በ20ኛው ሳምንት ገደማ ይሰማል፤ ቀድሞ የወለደች ሴት በ16ኛውም ልታውቀው ትችላለች። እስከ 24ኛው ሳምንት ምንም ያልተሰማት ሴት ትናገር። ደም መታየት፣ ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ከዓይን ብዥታ ጋር የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት፣ የለመድነው እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ለእነዚህ የካርዱ ቀን አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። «ለምንም ሳይሆን አስቸገርኋቸው» ብሎ መፍራት ብዙዎቻችንን ያስቀራል። ባለሙያዎቹ ግን በከንቱ መጣች ከሚሏት ይልቅ ዘግይታ መጣች የሚሏት ሴት ናት የምታስጨንቃቸው፤ ይህን ከአንዲት አዋላጅ አፍ ሰምቼዋለሁ።

የእኔ የሚቀጥለው ቀጠሮ የ26ኛው ሳምንት ነው። ግፊቴ ይለካል፣ ሜትሩ ይዘረጋል፣ የስኳሩም ምርመራ አብሮ ይደረጋል። የእንግዴ ልጁ ቦታ እንደገና የሚታየው በ32ኛው ሳምንት ነው፤ ከበሩ ከራቀ በምጥ ለመውለድ እጠብቃለሁ፣ ካልራቀ ደግሞ የቀዶ ጥገናው ቀን አስቀድሞ ይቆረጣል። እስከዚያ ድረስ ትንሽም ቢሆን ደም ካየሁ በዚያው ሰዓት እንድሄድና ለማንኛውም ለሚመረምረኝ ሰው እንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ መሆኑን በመጀመሪያ እንድናገር ታዝዣለሁ። ባለቤቴም ቃሉን አጥንቶታል። የደም ዓይነቴን፣ የመጨረሻውን የግፊት ልክ፣ የአልትራሳውንዱን ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ካርዴ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ከሥሩም ለአዋላጇ የማቀርባቸውን ጥያቄዎች መጻፍ ጀምሬአለሁ።